ሚዛን ሆነን የወጣነው ዳገት

ባለቤቴ ሙስጠፋ መኪናችንን ሊሸጥ መወሰኑን የነገረኝ አርብ ዕለት እራት ላይ ነው።

«ሰኞ ገዢ ይመጣል» አለኝ፣ የጎረሰውን እንኳ ሳይውጥ። «ጠጥታ ጨረሰችን።»

ጠጥታ ጨረሰችን የሚላት አሮጌዋን ፒካፓችንን ነው። ወሰን ሰፈር ትንሽ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለችን፤ ጀሶ፣ ቀለም፣ ሚስማር፣ ቧንቧ እንሸጣለን። ያኔ ሱቁን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ሙስጠፋ ደግሞ በፒካፗ ከመጋዘን ዕቃ ያመጣል፣ ለደንበኛ ያደርሳል። መኪናዋን የወረሰው ከሟች አባቱ ሲሆን በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች። የነዳጅ ጌጇ ሁልጊዜ ግማሽ ላይ ነው፤ ብትሞላም ግማሽ፣ ባዶዋን ብትቀርም ግማሽ። ኪሎሜትር ቆጣሪዋ ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ በእርግጥ ምን ያህል እንደምትጠጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኛ የምናውቀው የቤንዚን ዋጋ በጨመረ ቁጥር ሙስጠፋ እየከሳ መሄዱን ብቻ ነው።

«ከሸጥካት በኋላስ?» አልኩት።

«ጅቡቲ መስመር። ተሳቢ የሚነዳ ሰው ይፈልጋሉ። ነዳጁ የባለንብረቱ፣ መንዳቱ የእኔ።»

ጅቡቲ መስመር ማለት ቤቱን በእንግድነት የሚያይ ባል ማለት ነው። የጎረቤቶቼን ባሎች አይቻለሁ፤ ሲመጡ ልጆቻቸው ይሸሿቸዋል። ደሜ ፈላና ያሰብኩት ሳይሆን ያላሰብኩት ከአፌ ወጣ።

«ነዳጁን የምትጠጣው እሷ አይደለችም። እግርህ ነው።»

አማቴ እማ ሩቅያ እጃቸውን ከትሪው ላይ አነሱ። የሹፌር ሚስት፣ የሹፌር እናት ናቸው። በዚያ ቤት ለሹፌር «እግርህ ከባድ ነው» ማለት እናትን የመስደብ ያህል ነበር።

«አንቺ ስለ መንዳት ምን ታውቂያለሽ?» አለ ሙስጠፋ።

«መንጃ ፈቃድ አለኝ።»

እውነቴን ነው፣ አለኝ። ካወጣሁት ዓመት ሆኖታል። ግን ከወርቄ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር የማስቀምጠው፤ ፒካፗንም ከግቢያችን በር አሳልፌ ነድቼ አላውቅም። መንዳት እንደምወድ ያወቅኩት ለፈተናው ስለማመድ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የሚያስነዳኝ ሰው አላገኘሁም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሙስጠፋ ሳቀ። ሳቁ ነው ነገሩን ያከረረው። እልህ ተያይዘን በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ቶሎሳ ጋራዥ ቆምን።

ጋሽ ቶሎሳ ያቺን መኪና ከሙስጠፋ አባት ጊዜ ጀምሮ የሚያክሟት መካኒክ ናቸው። ሁለታችንንም በተራ ሰሙን። ከዚያ የጎማዎቹን ነፋስ አስተካከሉ፣ የአየር ማጣሪያውን አራገፉ፣ ካንዴላዎቹን ጠረጉ።

«አሁን ጥፋቱ የእሷ ቢሆን ይታወቃል» አሉ። «ዛሬ እሱ ይነዳል፣ ነገ አንቺ። ቤንዚኑ እኩል፣ መንገዱ አንድ፣ ጭነቱ አንድ። ርቆ የሄደ ያሸንፋል።»

ቀጥለው ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ቤንዚን ሞሉና ከካቢኑ በላይ ፖርቶመጋላው ላይ ገልብጠው አሰሩት። ከአፉ ቀጭን ቱቦ አውርደው በመስኮቱ ጎን አሳልፈው ከካርቡራቶሩ ጋር አገናኙት። ቤንዚኑ ሲወርድ ከውጭ ይታያል። (ይህን እቤታችሁ እንዳትሞክሩት፤ ዛሬ ሳስበው ሰውነቴን ይሰቀጥጠኛል።)

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ጩኸት ሰምተው ብቅ አሉና ደረታቸውን መቱ።

«ምነው፣ መኪናዋ አልጋ ያዘች እንዴ? ግሉኮስ ተከላችሁላት?»

ያን ዕለት ማታ የሙስጠፋ እህት ልጅ ዐቂቃ ነበር፤ ማለት ለአዲስ ለተወለደ ሕፃን በግ የሚታረድበት ድግስ። እማ ሩቅያ በማለዳ የገዙትን ሙክት በገመድ እየጎተቱ ከእኛ ጋር ቆመዋል፤ ይሰረቅብኛል ብለው ለማንም አያምኑትም።

ለሙከራው ፒካፗ ላይ ጀሶ ጭነን ነበር። ልንነሳ ስንል አንድ ደንበኛ መጣና ጀሶውን እንዳለ አራግፎ ገዛው። ሙስጠፋ የመጣን ደንበኛ መመለስ አይችልም። አንድ የተቀደደ ከረጢት ብቻ ቀረ።

«ባዶ መኪና መለካት ዋጋ የለውም» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «ክብደት ክብደት ነው። የሚጫን ነገር አምጡ።»

ዓይናችን እማ ሩቅያ ላይ አረፈ። እማ ሩቅያ፣ አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመውና፣ ሞላ ያሉ ሴት ናቸው።

«የት ነው የምትሄዱት?» አሉ።

«እንጦጦ።»

«ንፋስ ከተቀበልኩ እኔ ምን ከፋኝ? በጉም ይምጣ።»

እትዬ አስካለም «እኔስ ክብደት የለኝም?» ብለው ወጡ። እኔም ከኋላ ተቀመጥኩ። ሙስጠፋ መሪ ያዘ፤ ጋሽ ቶሎሳ ዳኛ ሆነው አጠገቡ ገቡ። ዳኛው መንገድ ላይ ምክር እንዳይሰጡ ተስማማን።

ሙስጠፋ እንዴት እንደነዳ በአንድ ቃል ልንገራችሁ፦ ተናደደ። ቀይ መብራት እያየ ይሮጣል፤ ደርሶ ፍሬን ይይዛል። አረንጓዴ ሲበራ እንደተነከሰ ሰው ይዘላል። በዘለለ ቁጥር እማ ሩቅያ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ እትዬ አስካለ፣ እትዬ አስካለ ወደ በጉ እንሄዳለን። ላምበረት ላይ ደግሞ አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር አግኝቶ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ አወራ። ስለ ደመወዙ አወሩ፣ ስለ ሙቀቱ አወሩ። ፕላስቲኩ ከላይ ጉልቅ፣ ጉልቅ ይላል።

መገናኛን አልፈን፣ በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ዞረን ዳገቱን ስንጀምር ፕላስቲኩ ተጋምሶ ነበር። ሙስጠፋ ዳገቱን እንደ ጠላት ነው የተያያዘው። ሞተሩ ጮኸ፣ ጥቁር ጭስ ሸፈነን፣ በጉ አሳለ። ባሕር ዛፉ መሐል፣ ሹል ኩርባ ላይ፣ መኪናዋ ሁለቴ ተንገጫግጫ ቀጥ አለች።

ጋሽ ቶሎሳ ወርደው ከተቀደደው ከረጢት ጀሶ ዘገኑና የመንገዱ ዳር ላይ ነጭ መስመር አሰመሩ። ቱቦውን ወደ ዋናው ታንከር መልሰው ይዘውን ወረዱ። ሙስጠፋ እስከ ቤት «በጉ ይንቀሳቀስ ነበር» ይላል።

በጉ ግን ያን ማታ ታረደ።

እሁድ ጠዋት ፒካፗ ዘንድ ስንሰበሰብ ሙስጠፋ እጁን አጣምሮ ቆሞ ጠበቀን።

«ሙከራው አይካሄድም» አለ። «ጭነቱ ቀንሷል። በጉ የለም።»

እማ ሩቅያ ሆዳቸውን ነካ አደረጉ። «እንዴት የለም? ይኸው ነው።»

ጋሽ ቶሎሳ አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። «ልክ ናቸው። በልታችሁታል አይደል? በጉ አልቀነሰም፤ ተከፋፍሎ ተሳፍሯል።»

«ሰፈሩ በሙሉ ነው የበላው!» አለ ሙስጠፋ። «ወሰንን በሙሉ ልጫን?»

«እኔም አልበላሁም» አሉ እትዬ አስካለ። «እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ለእኔ ለብቻ ሽሮ ነው የቀረበልኝ። የእኔ ድርሻ አልተሳፈረም።»

አንድ ሰው እንኳ ከመሐላችን ቆም ብሎ «ምን እያወራን ነው?» አላለም። እማ ሩቅያ ቤት ገብተው የበጉን ቆዳ፣ ጭንቅላቱንና እግሮቹን በማዳበሪያ ይዘው ወጡ። ጎደለ ተባለ። እትዬ አስካለ ሄደው የስፌት መኪናቸውን ራስ፣ ያንን ጥቁር ብረት፣ በነጠላ ጠቅልለው አመጡ። እማ ሩቅያ በጉን ከገበያ ጀምረው የጎተቱ ስለሆኑ ክብደቱን የሚያውቁ እሳቸው ናቸው ተባለ። በአንድ እጃቸው ማዳበሪያውን፣ በሌላው ብረቱን አንስተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አንገቱ ላይ ትንሽ ይቀረዋል» አሉ።

አንገቱን ቀለም በያዘ ጣሳ ሞላነው።

ሙስጠፋ በእኔ ቦታ ከኋላ ከእናቱ ጎን ተቀመጠ። ባልና ሚስት ቦታ ቢለዋወጡ የመኪናው ሸክም አይቀየርም፤ ይህን እሱም አልተከራከረም። «እሁድ ስለሆነ ግን መንገዱ ጭር ብሏል» አለ በመጨረሻ።

«ዳገቱ እሁድ አያርፍም» አሉት ጋሽ ቶሎሳና በሩን ዘጉ።

መሪውን ያዝኩ። ከጀርባዬ ባሌ የካቢኑን ጣሪያ በመዳፉ እየደበደበ «ማርሽ! ማርሽ!» ይላል። ፍሪሲዮኑን በቀስታ ለቀቅኩ፤ ሄደች። የሰማሁትን ነገር ዛሬም አልረሳውም፤ መኪናዋ ዝም አለች። ስትሄድ ዝም ማለት እንደምትችል አላውቅም ነበር። መብራት ከሩቅ ሲቀላ እግሬን አነሳሁ፤ ስንደርስ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀን። ላምበረት ላይ ያ የጅቡቲ ሹፌር እጁን አወዛወዘ፤ ሰላም ብዬው አለፍኩ።

የዳገቱ ሥር ላይ አንድ ወጣት ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። ወዲያው ሞተሩን አጠፋሁ።

«ማጥፋት ክልክል ነው!» ሲል ጮኸ ሙስጠፋ ከላይ። «ሕግ ጥሳለች!»

«ማጥፋትም መንዳት ነው» አሉ ጋሽ ቶሎሳ ወደ ፊት እያዩ።

ትራፊኩ መኪናዋን አንዴ ዞራት። ቱቦውን አየ። ማዳበሪያውን ከፈት አድርጎ ከበጉ ጭንቅላት ጋር ተያየ። ነጠላውን ገለጥ አድርጎ የስፌት መኪናውን አየ። ከዚያ ወደ ላይ ጠቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ግሉኮስ» አሉ እትዬ አስካለ።

«እናንተስ? በጭነት መኪና ላይ ሰው መጫን ክልክል መሆኑን አታውቁም?»

እማ ሩቅያ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «እኛ ሰው አይደለንም ልጄ። ሚዛን ነን።»

ልጁ እኔን አየኝ። መንጃ ፈቃዴን ሰጠሁት፤ ከወርቅ ጋር የከረመ ስለሆነ ያብለጨልጫል። ታሪኩን ከመጀመሪያው ነገርኩት፤ ስለ ጅቡቲም፣ ስለ በጉም። ሲሰማ አልሳቀም። ደጋግሞ ዋጠ እንጂ አልሳቀም። የቅጣት ወረቀቱን ጻፈልኝ፤ ይገባኝ ነበር፣ ተቀበልኩ።

«እዚህ ባወርዳቸው ታክሲ የለም» አለ። «እላይ ድረስ በጣም ቀስ ብለሽ ንጂ። እዚያ አውርጂያቸው። በታክሲ ይመለሱ። ቀስ ብለሽ፣ ገባሽ?»

«እንዴ! ትራፊኩ አገዛት እኮ!» አለ ሙስጠፋ። ማንም አልሰማውም።

ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ያዝኩት። እግሬን ከቤንዚን መርገጫው ላይ እንደተኛ ሕፃን አስቀመጥኩት፤ አላስጨነቅኩትም፣ አላነሳሁትም። ልምምድ የሚሠሩ ሯጮች ከኋላችን መጥተው አለፉን። ደረቅ እውነት ነው፤ በእግራቸው ዳገት እየሮጡ አለፉን። እትዬ አስካለ «በርቱ ልጆቼ» አሏቸው። ሙስጠፋ የበጉን ቆዳ ፊቱ ላይ ሳበ።

ጋሽ ቶሎሳ ዳኛ ስለሆኑ ዝም ብለዋል። አንዴ ብቻ፣ እግሬ ሳላስበው ሲከብድ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ መስለው «ሱታ» አሉ። ቀስ ማለት ነው በኦሮምኛ። እግሬን አቀለልኩ።

ፕላስቲኩ ውስጥ የቀረው ከታች የተጠራቀመ እንባ ይመስላል። ነጩ የጀሶ መስመር ከኩርባው ሲወጣ አየሁት። ከዚህች መስመር ወዲህ ብትቆም ሰኞ ገዢው ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ልጅ ብወልድ አባቱን በስልክ ነው የሚያውቀው። እነዚህን ሁሉ እያሰብኩ ሳለ እማ ሩቅያ ከላይ «አልፈናል!» ብለው ጮኹ። ወደ ኋላ በመስታወት ሳይ መስመሩ ከጎማችን ጀርባ ቀርቷል።

ሄደች። ሌላ ኩርባ ሄደች። ዳገቱ ተፈጽሞ ሜዳው ላይ ስንደርስ ቱቦው ውስጥ ገና ቤንዚን ነበር። ወደ ዳር አውጥቼ አጠፋኋት። እትዬ አስካለ እልል አሉ፤ ጋሽ ቶሎሳ ዳኝነታቸውን ረስተው ግንባሬን ሳሙኝ።

ሙስጠፋ ወረደ፤ ፕላስቲኩን አንጋጦ አየ፤ ሄዶ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ማሸነፌ ወዲያው አስጠላኝ። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ተቆጣህ?»

«አልተቆጣሁም። ከኋላ ተቀምጬ አላውቅም ነበር፤ ያቺ መኪና ከኋላ እንዲህ ምቹ ናት?» አለ። ቀጥሎም «እማዬን ትናንት እንደዚያ ነበር የማንገላታት?»

«አዎ።»

«ዘይነባ» አለኝ። ስሜን ሙሉ ከጠራ ነገሩ የምር ነው። «እኔ የምረግጣት ቶሎ እንዲያልቅልኝ ነው።»

«ምኑ?»

«መንዳቱ። መንዳት እጠላለሁ።»

ቃሉን ነፋሱ ያመጣው መስሎኝ ፊቱን አየሁት።

«አባቴ ሲሞት ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡት። ትወዳለህ ወይ ያለኝ ሰው የለም። ጠዋት ሳስነሳት ጀምሮ የማታ መድረሻዬን ነው የማስበው።»

«ታዲያ መንዳት እየጠላህ ጅቡቲ ምን ልትሠራ ነበር?»

«ሌላ ምን አውቃለሁ ብዬ ነዋ!»

ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ጀመረው። ባሕር ዛፉን ተደግፈን እንደ እብድ ሳቅን። ለካ እማ ሩቅያ ቀስ ብለው መጥተው ከጀርባችን ቆመዋል።

«አባትህስ መች ይወደው ነበር?» አሉት። «ጥርሱን ነክሶ ነው ዕድሜውን የጨረሰ። እኔ አንተ የምትወድ መስሎኝ ነው ልጄ።»

ሙስጠፋ ቁልፉን ልሰጠው እጄን ስዘረጋ መዳፌን መልሶ አጠፈው። «ያዢው። እኔ በታክሲ ከእማዬ ጋር እወርዳለሁ።» ትራፊኩ ያዘዘንም ይህንኑ ነበር። ሦስቱ በሚኒባስ ወረዱ፤ እኔና ጋሽ ቶሎሳ ከበጉ ቆዳና ከስፌት መኪናው ጋር ፒካፗን ይዘን ተመለስን።

ሰኞ ገዢው ሲመጣ እኔ መጋዘን ነበርኩ። ሙስጠፋ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ «ባለቤቷን ጠይቅ፣ ስትመለስ» ይለዋል። ሰውየው ሲጠብቅ ወሬ ጀመሩ፤ ቤቱን ሊያድስ እንዳሰበ ነገረው። ስመለስ መኪና ሊገዛ የመጣው ሰው ቀለምና ብሩሽ ተሸክሞ በደስታ ሲወጣ በር ላይ ተገናኘን።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ይሸጣል። መጀመሪያ ሰፈሩ አወራብን፤ «ሚስቱ ቁልፍ ቀማችው» ተባለ። ሙስጠፋ ለሚያወራው ሰው ሁሉ ሚስማር ይሸጥለታል። ክብደቱ ተመልሷል፤ እንዲያውም ለሙከራ ቢፈለግ ከበጉ ይበልጣል። ቤንዚን ቆጥበናል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አዎ፣ ቆጥበናል። የጎማ ነፋስ ተቆጣጠሩ፣ ማጣሪያ አጽዱ፣ ቆማችሁ ስታወሩ ሞተር አጥፉ፤ ይህን ማንም ይነግራችኋል። እኔ የምጨምረው አንድ ነው፦ ቤታችሁ ውስጥ አንድ ነገር ያለ ልክ እየባከነ ከሆነ የሚሠራውን ሰው ሥራውን ይወደው እንደሆነ ጠይቁት። እኔ ከባሌ ጋር ስንት ዓመት አንድ ትሪ ላይ ስበላ ይህን ጥያቄ ጠይቄው አላውቅም። እሱም እኔን አልጠየቀኝም።

ባለፈው ሳምንት ላምበረት አውቶቡስ ተራ አካባቢ ለአንድ ደንበኛ ቧንቧ ላደርስ ሄጄ ነበር። ጫኝና አውራጆቹ ዕቃውን አራግፈው ሲጨርሱ አንዱ ጎልማሳ መኪናዋን ይዞራት ጀመር።

«እመቤት፣ ሹፌሩን ጥሪልን፤ መንገድ ዘግቷል!»

«ሹፌሩ ሱቅ ነው፣ ጀሶ እየሸጠ» አልኩት።

«ታዲያ መኪናዋን ማን ሊያነሳት ነው?»

ካቢኑ ውስጥ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ አስነሳኋት። በመስኮቱ ጠጋ ብሎ የሞተሩን ድምፅ አዳመጠና ለጓደኞቹ «ዝም ብላለች እኮ!» አላቸው። ፍሪሲዮኑን በቀስታ ለቀቅኩና ወደ ቤቴ መንገድ ገባሁ።